ጫን በሉት፣ ያነሳችኋል

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ እየተመለስኩ ነበር። በአንድ እጄ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ በሌላው ጎመንና ቲማቲም ይዣለሁ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ ፌስታሎቹን መሬት አስቀምጬ የደረጃውን ብረት ያዝኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ከኋላዬ ደረሱና «ልጄ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አጠረኝ። እርሳቸው ሽንኩርቱን አንስተው እስከ በሬ ድረስ ቀድመውኝ ወጡ።

እኚህ እናት በየቀኑ ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። የእኔ ቀን ደግሞ ከቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቢሮ ወንበር፣ ከወንበር ተመልሶ ወደ ታክሲ ነው። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሽታ የለብኝም፤ ግን ሰውነቴን ለዓመታት ሳላዘው መቆየቴ ገባኝ።

ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ደግሞ አንድ ክብ ነገር ተደግፎ ከርሞ ነበር። ወንድሜ ለልጄ ልደት የገዛላት ትንሽ ትራምፖሊን ነው። ሁለት ሳምንት ዘለለችበትና ተረሳ፤ ቀስ በቀስም የልብስ ማስጫ ሆነ። ሸራው ላይ ፎጣ፣ እግሮቹ ላይ ካልሲ ይሰጣል። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ፎጣዎቹን አነሳሁ፣ ሳሎን መሃል አስቀመጥኩትና ወጣሁበት። ቁርጭምጭሚቴ ተንቀጠቀጠ። ግድግዳውን ይዤ ወደ ላይ ለመዝለል ስታገል የ7 ዓመቷ ልጄ ከእንቅልፏ ተነስታ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እማዬ፣ አትዝለዪ» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ጫን በይው፤ እሱ ራሱ ያነሳሻል።»

ተረከዜን ወደ ታች ጫን አደረግኩ። ሸራው ወረደ፣ መልሶም ቀስ አድርጎ አነሳኝ። እግሬ ከሸራው አልተላቀቀም፤ ሰውነቴ ግን ሙሉ በሙሉ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ያቺ ሁለት ደቂቃ ናት ዛሬ ይህን የምታስጽፈኝ። ውድ አንባቢዎቼ፣ ስፖርት ለመጀመር ከፍ ብሎ መዝለል አያስፈልግም። ያላችሁበት ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ ያላችሁን ክብደት ይዛችሁ፣ ጫን ማለት ይበቃል።

ከሰርከስ መረብ እስከ ሳሎናችን

ይህ ትራምፖሊን የሚባል ነገር እንዴት እንደተፈጠረ ማወቅ ብርታት ይሰጣል። ጆርጅ ኒሰን የሚባል አሜሪካዊ ታዳጊ በ1930 እ.ኤ.አ. ሰርከስ ሲመለከት የአየር ላይ ትርኢት የሚያሳዩት ሰዎች ትርኢታቸውን ጨርሰው ከታች ወደ ተዘረጋው መረብ ሲወድቁና መረቡ መልሶ ሲያነጥራቸው አየ። ዕድሜው 16 ነበር። ሰዎቹ ሁልጊዜ እንዲህ መንጠር ቢችሉስ ብሎ አሰበና በወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ ብረትና ሸራ ማገጣጠም ጀመረ። በ1934 እ.ኤ.አ. ከአሠልጣኙ ላሪ ግሪስዎልድ ጋር በአዮዋ ዘመናዊውን ትራምፖሊን ሠሩ። ትራምፖሊን በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ የውድድር ዓይነት ሆኖ ሲቀርብ ኒሰን በሕይወት ነበርና በዓይኑ አየው። ጋራዥ ውስጥ ተጀምሮ ኦሊምፒክ የደረሰ ነገር ነው።

ሳሎን ውስጥ የምንጠቀምበት ትንሹ ዓይነት ግን ለትርኢት አይደለም። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ሳንቲሜትር፣ ከፍታውም ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ነው። ሸራው ዙሪያውን በብረት ሞላ ወይም በወፍራም የላስቲክ ገመድ ተወጥሯል። የብረት ሞላው ጠንከር ያለ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። የላስቲክ ገመዱ ይለሰልሳል፣ ድምፁም ያንሳል።

ሥራው የሚገርም ነው። ስትጫኑት ሞላው ይወጠራል፤ ሲመለስ ደግሞ የሰጣችሁትን ጉልበት መልሶ ይሰጣችኋል። ከታች ስትደርሱ ክብደታችሁ ለቅጽበት የጨመረ፣ ከላይ ስትደርሱ ደግሞ ለቅጽበት የቀለለ ይመስላችኋል። በእያንዳንዱ መውረድና መውጣት የእግር፣ የመቀመጫ፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች ሚዛናችሁን ለመጠበቅ አብረው ይሠራሉ። ቁርጭምጭሚቴ መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፤ ተኝተው የከረሙ ትናንሽ ጡንቻዎች መንቃታቸው ነው።

በጠፈር ክብደት አልባ ሆነው የሚቆዩ ሰዎች ጡንቻቸውና አጥንታቸው ስለሚዳከም የአሜሪካው የጠፈር ተቋም የናሳ ተመራማሪዎች የትራምፖሊን ዝላይን አጥንተው ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት 8 ወጣት ወንዶች በመሮጫ ማሽን ላይ ሲሮጡና በትራምፖሊን ላይ ሲዘሉ ተለኩ። ሲሮጡ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና ጀርባቸውና ግንባራቸው ላይ ከሚያርፈው ከእጥፍ በላይ ነበር። በትራምፖሊን ላይ ግን ጫናው ከእግር እስከ ራስ ተቀራራቢ ሆኖ ተከፋፈለ። አስፋልት ላይ መሮጥ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ሰውነት ይሠራል፤ እግር ግን መሬት አይደበድብም።

ስለ ክብደት መቀነስ እውነቱን እንነጋገር

«በአንድ ወር 10 ኪሎ ያስቀንሳል» የሚሉ ማስታወቂያዎችን አትስሙ። ቁጥሩን አብረን እንሥራ፤ እውነተኛው ቁጥር ከውሸቱ ይልቅ ያበረታል።

የአሜሪካ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ምክር ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ያሠራው ጥናት ነበር። 24 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በትንሽ ትራምፖሊን ላይ ለ19 ደቂቃ ያህል ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ሠሩ። ሴቶቹ በደቂቃ በአማካይ 9.4 ካሎሪ፣ ወንዶቹ 12.4 ካሎሪ አቃጠሉ። በጣም ደስ የሚለው ደግሞ፣ ሰውነታቸው በርትቶ እየሠራ እነርሱ ግን የድካሙን መጠን ሲጠየቁ ቀለል ያለ መሆኑን ተናገሩ። ሸራው ድካምን ያስረሳል ማለት ነው።

እንግዲህ አንዲት ሴት ጥንካሬዋን ገንብታ እንደዚያ ለ20 ደቂቃ መሥራት ስትችል 188 ካሎሪ ገደማ ታቃጥላለች። በሳምንት 5 ቀን ብትሠራ 940፣ በ8 ሳምንት 7,520 ካሎሪ ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ስለዚህ በሁለት ወር በዝላይ ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ስብ ይሄዳል።

አንድ ኪሎ ትንሽ መሰላችሁ? ገበያ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ ቅቤ በእጃችሁ ያዙና መዝኑት። ያንን ነው ከሰውነታችሁ ላይ የምታወርዱት።

አሁን ደግሞ ወደ ሻያችን እንምጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ አለው። በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው 3 ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 192 ካሎሪ ይወስዳል። ይህ የ20 ደቂቃው ዝላይ ያቃጠለውን በሙሉ የሚመልስ ነው! ስኳሩን በግማሽ ብትቀንሱት በሁለት ወር ከ5,000 ካሎሪ በላይ ታተርፋላችሁ። ዝላዩና ስኳሩ ሲደመሩ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይሆናል። ወጡ ላይ ከምንጨምረው ዘይት ደግሞ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ብንቀንስ ሌላ 120 ካሎሪ ነው። ሰውነት እንደ ሚዛን በትክክል አይመልስም፤ አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ይቀንሳል። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ራስን በረሃብ መቅጣት አያስፈልግም። እንጀራችሁን ብሉ፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ብሉ፤ ዘይቱንና ስኳሩን ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ጨምሩ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ለራሳችሁ የምታደርጉት የመጀመሪያው ደግነት ጥንቃቄ ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በቅርቡ የወለዳችሁ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የአጥንት መሳሳት፣ የማዞር ችግር፣ የዓይን ረቲና ሕመም፣ የቆየ የጉልበት ወይም የወገብ ጉዳት ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። ስትሠሩ ደረታችሁን ከያዛችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም መገጣጠሚያችሁን ከወጋችሁ ወዲያው ውረዱ።

እህቶቼ፣ አንድ በግልጽ የማይነገር ነገር አለ። ብዙ የወለደች ሴት ስትዘል ሽንት ሊያመልጣት ይችላል። የሚያሳፍር አይደለም፤ የፊኛና የማህፀን ደጋፊ ጡንቻዎች መላላት ነው፣ ሕክምናና ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም አለው። ሐኪም ጠይቁ፤ እስከዚያው እግራችሁን ከሸራው ሳታላቅቁ ብቻ ሥሩ።

ዕቃውን ስትገዙ የሚሸከመውን የክብደት መጠን ጠይቁ፤ ከእናንተ ክብደት በደንብ የሚበልጥ ይሁን። እግሮቹ መጥበቃቸውን፣ የሞላዎቹ መሸፈኛ በቦታው መሆኑን በየጊዜው እዩ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከፊቱ የእጅ መያዣ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከመስኮትና ከሲኒ ረከቦት አርቁት። ባዶ እግር ወይም የማያንሸራትት ጠፍጣፋ የስፖርት ጫማ ይሁን፤ ተራ ካልሲ ያንሸራትታል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይውጣበት፤ ልጆችም ተራቸውን ይጠብቁ።

አራቱ ሳምንታት

አቋቋሙ እንዲህ ነው። እግራችሁን በወገባችሁ ስፋት ልክ ክፈቱ፣ ጉልበታችሁን ጥቂት እጠፉ፣ ሆዳችሁን ሰብሰብ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ። ዓይናችሁን ወደ እግራችሁ አትጣሉ፤ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንድ ነገር መርጣችሁ እርሱን ተመልከቱ። ከዚያ በተረከዛችሁ ጫን።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ በቀን 2 ደቂቃ፣ ለ5 ቀን። እግር ከሸራው አይላቀቅም። «ይህ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ላብ አይደለም፤ ሰዓት መያዝ ነው። ጥርስ እንደ መቦረሽ የተለመደ ቦታ ስጡት። እኔ ቡናው እስኪፈላ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ጀበናው ምድጃ ላይ ሲጣድ እወጣለሁ፤ እንፋሎቱ ሲታይ እወርዳለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት፦ በቀን 5 ደቂቃ። አንድ ደቂቃ መጫን፣ አንድ ደቂቃ ባለበት እርምጃ፣ እያፈራረቃችሁ። እርምጃው ላይ ጉልበታችሁን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ፤ እጃችሁም ይወዛወዝ።

ሦስተኛው ሳምንት፦ 10 ደቂቃ። ባለበት ቀላል ሩጫ፣ ከጎን ወደ ጎን መሄድ፣ ተረከዝን ወደ ፊት እየነኩ መመለስ ጨምሩበት። እዚህ ላይ የራሳችን ሀብት አለና ተጠቀሙበት። እግራችሁ ሲጫን ትከሻችሁ እስክስታ ይምታ! እስክስታ የላይኛውን ጀርባና ትከሻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያጎነበሰ ትከሻ ይፈታበታል። የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ሲያልቅ 10 ደቂቃው አልቋል።

አራተኛው ሳምንት፦ 15 ደቂቃ። 3 ደቂቃ ማሟሟቂያ፤ ከዚያ 30 ሰከንድ ፈጠን፣ 60 ሰከንድ ቀስ እያላችሁ 6 ጊዜ ደጋግሙ፤ በመጨረሻ 3 ደቂቃ ማብረጃ። ለፈጣኑ ክፍል የጉራጌ ጭፈራ ምት የሚያህል የለም። ያ ከበሮ ሲመታ የማይነሳ እግር የት ይገኛል?

የእንቅስቃሴውን ልክ የምታውቁት በትንፋሻችሁ ነው። ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛ ነው። ከጥቂት ቃል በላይ መናገር ካልቻላችሁ ጠንካራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በተጨማሪም በሳምንት 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ። ለዚህ ጂም አያስፈልግም፤ ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት ይበቃል። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ወደ 20 ደቂቃ እያሳደጋችሁ፣ የቀረውን በእግር መንገድ ሙሉት።

ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ታገሱ። ጾም ለሚጾሙ ጥሩው ሰዓት ከመግደፊያው ወይም ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ቀለል አድርጋችሁ ሥሩ፣ ውኃውም እንግዲህ ቅርብ ነው። ስትጨርሱ ዘላችሁ አትውረዱ፤ አንድ እግር አስቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ ርገጡ። መሬቱ ለጥቂት ሰከንድ ድንጋይ ሆኖ፣ እግራችሁም እርሳስ የተሞላ መስሎ ይሰማችኋል። አትደንግጡ፤ እግር ወደ ለመደው መሬት ሲመለስ ነው።

የማይመችበት ቀን

የማይመችበት ቀን ይመጣል። መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ይታመማል፣ አለቃ ያስመሻል፣ ለቅሶ ይደርሳል። እኔም በሦስተኛው ሳምንት አራት ቀን አቋርጬ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ «በቃ፣ አልሆነልኝም» የሚለው ድምፅ መጣ። ያን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙ ጅማሬያችንን ቀብሮብናል። ያን ጠዋት ያዳነኝ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። 10 ደቂቃ ባልችልም 2 ደቂቃ እንደምችል አውቃለሁና ወጣሁ፣ ጫን አልኩ።

ይህን ሕግ ውሰዱት፦ ያቋረጣችሁ ቀን የምትመለሱት ወደ ሁለት ደቂቃው ነው። ያጎደላችሁትን ለማካካስ አትሩጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ትዕግሥትን ብቻ አይደለም የነገሩን፤ እንቁላሉ በመጨረሻ መሄዱን ጭምር ነው የነገሩን።

ይህን ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከስቶክሆልም የምታነቡ ወገኖቼ፣ ክረምታችሁ ረጅም፣ ቀናችሁ አጭር፣ ፈረቃችሁ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ውጭ በረዶ እየጣለም አልጋችሁ አጠገብ አንድ ሜትር ቦታ አትጡም። ለእናንተ ይህ ክብ ሸራ በር ሳትከፍቱ የምትወጡበት ደጅ ነው።

የታችኛው ፎቅ

አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። የሦስተኛ ፎቋ እናት ናቸው፣ ያቺን ሽንኩርት የተሸከሙልኝ። «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ጣራዬ ላይ ድም ድም የሚለው ምንድን ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ትራምፖሊኑን አሳየኋቸው። በዚያው ቀን ከሥሩ አሮጌ ምንጣፍ አጥፌ አነጠፍኩ፤ ሰዓቴንም ከንጋት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አሻገርኩ። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህን አትርሱ፤ የእኛ ጤና በጎረቤት እንቅልፍ አይገዛም።

እርሳቸው ግን ሸራውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ለእኔ ቢጤም ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። «ሐኪምዎን ይጠይቁና ይምጡ» አልኳቸው። በሳምንቱ መጡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ሶፋው ላይ አኖሩ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ሁለት እጃቸውን ያዝኩ፤ ልጄ ከኋላ ቆመች። ቁርጭምጭሚታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ልክ እንደኔው። እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው ወደ ላይ ሊነሱ ሞከሩ።

«አይዝለሉ እማማ» አለቻቸው ልጄ። «ዝም ብለው ጫን ይበሉት።»

ጫን አሉት። ሸራው ወረደ፣ አነሳቸውም። ሳቁ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ እጄን አልለቀቁም፤ ሲወርዱ ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ነገስ በስንት ሰዓት ልምጣ?» የሚል ነበር።

እናንተስ? ነገ ቡናው እስኪፈላ ሁለት ደቂቃ አላችሁ። ተነሱ፣ ውጡበት፣ ጫን በሉት።